መጀመሪያ ድርቆሹ፣ ከዚያ ዱቄቱ

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ሐይቅን ያገኛል፤ ከዚያም አምባሰል ወረዳ ገብቶ ውጫሌ ይደርሳል። በዚህ አጭር መንገድ ሁለት ዓይነት የላም ኑሮ አለ። በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ፣ እንደ ደሴና እንደ ኮምቦልቻ ሁሉ፣ ዲቃላ ላም በጓሮው አስሮ ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዛ ወተት የሚሸጥ ቤተሰብ ይገኛል። ወደ አምባሰል ገጠር ሲወጣ ደግሞ የሐበሻ ላም ከበሬው የተረፈውን ገለባና የማሽላ አገዳ እየተሻማች፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ቃርሚያ እየለቀመች ትከርማለች። ኑሯቸው ይህን ያህል ቢራራቅም፣ ሆዷ ታወከ፣ ወተቷ ቀነሰ በተባለ ቁጥር ለሁለቱም ባለቤቶች የሚሰነዘረው ምክር እየተመሳሰለ መጥቷል፤ መኖው ላይ የሚነሰነስ ዱቄት። አንዱ ሶዳ ነው፣ አንዱ እርሾ፣ አንዱ ቫይታሚንና ማዕድን የተደባለቀበት ፕሪሚክስ፣ ሌላው ስሙን ለማንበብ የሚያስቸግር ከረጢት። ዱቄቶቹ ሁሉ ማታለያ ናቸው ለማለት አልተነሣሁም፤ አንዳንዶቹ በእርግጥ ይሠራሉ። የላምን ሆድ ዕቃ የሚያቆስለውና የሚያስቆጣው ግን በዋናነት የሻካራ መኖ እጥረትና የአመጋገብ መዛባት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡም ሆነ መንግሥት አስቀድሞ ገንዘብና ሐሳቡን ማዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው፤ የዱቄቱ ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ምክንያቱን ለመረዳት ጨጓራ ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። የአንድ ትልቅ የወተት ላም ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ሣሩንና ገለባውን እዚያ ውስጥ የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ ላሟም አብዛኛውን ጉልበቷን የምታገኘው እነርሱ ከሚያመርቱት አሲድ ነው። አሲዱ እንግዲህ ጠላቷ አይደለም። ጉዳት የሚመጣው የጨጓራው ግድግዳ መጥጦ ከሚጨርሰው በላይ ባንድ ጊዜ ሲመረት ነው። ገለባና ሣር ቀስ ብለው ስለሚብላሉ አሲዱ በልክ ይወጣል፤ የስንዴና የገብስ ዱቄት፣ የተረፈ ሊጥ፣ የተቀቀለ እህል ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይብላላሉ። ያን የሚያረግበው ምራቋ ነው። ትልቅ የወተት ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች፤ በዚያ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ተጠራቅሞ ቢመዘን ከ2 ኪሎ ይበልጣል። ምራቁ በብዛት የሚፈስሰው ስታኝክና ስታመሰኳ ሲሆን፣ የምታመሰኳው ደግሞ ጨጓራዋን የሚኮሰኩስ፣ ረዘም ያለ ሻካራ መኖ ስታገኝ ነው።

ሻካራው ጎድሎ ዱቄቱ ሲበዛ የጨጓራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.8 በታች ይወርድና ለሰዓታት እዚያው ይቆያል። ይህ ድብቅ የአሲድ ሕመም ነው፤ ላሟ አትወድቅም፣ ሆዷም አይነፋም። ውስጧ ግን ገለባ የሚያብላሉት ተሕዋስያን ይዳከማሉ፣ ሌሎቹ በብዛት ይሞታሉ፣ ሲሞቱም ከአካላቸው ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ይለቀቃል። በአሲድ የተላጠ የጨጓራ ግድግዳ፣ ከእርሱም ይልቅ ስስ የሆነው የአንጀት ግድግዳ፣ መርዙን ወደ ደም ያሳልፋል። ጉበትና የሰውነት መከላከያ ሲነሡ ብግነት ይጀምራል። ብግነት ደግሞ ስንቅ የሚበላ ጦርነት ነው። በአሜሪካ የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በወተት ላሞች ደም ውስጥ ይህ መርዝ ሲሰጥ የመከላከያ ሕዋሳት በ12 ሰዓት ከ1 ኪሎ በላይ ግሉኮስ እንደሚፈጁ አሳይተዋል። ለአንድ ሊትር ወተት ወደ 70 ግራም ግሉኮስ ስለሚያስፈልግ፣ የተፈጀው ከ14 ሊትር ወተት ጋር ይመጣጠናል። ያ ሙከራ መርዙ በቀጥታ ደም ሥር የገባበት በመሆኑ በጓሮ ከሚደርሰው እጅግ የከፋ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሐይቅ ማምጣት ስሕተት ይሆናል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ሆዷ የተቆጣ ላም የተገዛላትን መኖ ከፊሉን ለወተት ሳይሆን ለሕመሟ ታውለዋለች።

ምልክቱን ለማየት ላብራቶሪ መጠበቅ የለብንም። እበቷ አንድ ቀን ይጠጥራል፣ በማግስቱ ይቀጥናል፤ አረፋ ወይም ንፍጥ የመሰለ ነገር ይታይበታል፤ ያልተፈጨ ፍሬ ይወጣል። አንድ ቀን መኖዋን ጠርጋ ትበላለች፣ በሌላው ቀን አሽትታ ትተወዋለች። ከሳምንታት በኋላ ሰኮናዋን ስለሚያማት እግሯን እያቀያየረች ትቆማለች። ጤነኛ ላም ስትተኛ ታመሰኳለች፣ አንዱን ጉርሻም 50 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ታኝከዋለች፤ ይህን መቁጠር የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው። ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት ግን ወተት የሚንጡ ሴቶች ይመስሉኛል። የወተት ቅባት በብዛት የሚሠራው ሻካራ መኖ ሲብላላ ከሚገኘው አሴቲክ አሲድ ስለሆነ፣ ሻካራው ሲጎድል ያው እንስራ ወተት የሚሰጠው ቅቤ ያንሳል። የከተማ ገዢ ወተትን በአብዛኛው በሊትር ስለሚገዛ ይህ ማስጠንቀቂያ ከሚንጡት ቤት አያልፍም። በነገራችን ላይ የታወከ ሆድ ሁሉ የአሲድ አይደለም። በሐይቁ ዳር እርጥብ ሣር የምትግጥ ላም የጉበት ትል ሊኖርባት ይችላል፤ ቀንድ አውጣው የሚኖረው እንዲህ ባለ ስፍራ ነውና። ለዚያ የሚያስፈልገው የሐኪም ምርመራ ነው፤ ዱቄትም ገለባም አያድናትም።

አሁን ወደ ጓሮው እንምጣ። በከተማ የተለመደው አመጋገብ ላሟ ጠዋትና ማታ ስትታለብ ጸጥ እንድትል ፉርሽካውንና ፋጉሎውን ባንድ ገንዳ ማቅረብ፣ ገለባውን ከዚያ በኋላ መጣል ነው። ሌሊቱን ባዶ ያደረ ሆድ መጀመሪያ የሚያገኘው በፍጥነት የሚብላላውን ነው ማለት ነው። ፉርሽካ ከስንዴው ፍሬ ይሻላል፣ ስታርቹ ያንሳልና፤ ሆኖም የተፈጨ ስለሆነ ለማኘክ አያስገድድም። አተላ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። አተላ በየቀኑ በልክ አይመጣም፤ የድግስ ቀጠሮ ተከትሎ ይመጣል። ጥር ሠርግ የሚበዛበት ወር ነው፤ ገለባ መመናመን የሚጀምረውም ያኔ ነው። ለሳምንታት ያልቀመሰችው ላም በድግሱ ማግስት ባልዲ ሙሉ ይቀርብላታል። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ለአዲስ መኖ ለመላመድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ እኛ አንድ ሌሊት እንሰጣቸዋለን። ከኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ የሚገኘው የብቅል ተረፈ ምርት ጥሩ ፕሮቲንና አሰር አለው፤ ነገር ግን እርጥቡ ከ100 ኪሎ 75 እስከ 80 ያህሉ ውኃ ነው፣ በጥቂት ቀናትም ይበላሻል። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አጓጉዞ ሐይቅ የሚያደርስ ሰው በብዛት የሚከፍለው ለውኃ ጭነት መሆኑን ቢያሰላው ይበጀዋል።

ሶዳው፣ ማለትም ባይካርቦኔቱ፣ የሚመዘነው በሚከተለው ሒሳብ ነው። ለአንድ ትልቅ የወተት ላም በቀን የሚመከረው ባይካርቦኔት ከ150 እስከ 200 ግራም አካባቢ ነው። የራሷ ምራቅ የሚሰጣት ከ2 ኪሎ በላይ መሆኑን አይተናል። የማኘኪያ ጊዜዋ በአንድ አራተኛ ቢቀንስና ምራቋም በዚያው ልክ ቢቀንስ የምታጣው ባይካርቦኔት ግማሽ ኪሎ ይሆናል፤ ማንኪያው የሚመልሰው ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። ሶዳ በውጭ አገር ለአሥርተ ዓመታት የተሠራበት፣ ጥቅሙም የተመሰከረለት ነው። የተመሰከረለት ግን ብዙ እህልና የበቆሎ ገፈራ በሚበሉ ላሞች ላይ፣ በቂ ሻካራ መኖ ከተሟላ በኋላ ነው። ገለባና ሣር በዋናነት በሚበሉ ላሞች ላይ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሶዳ ሻካራ መኖ ላላት ላም እምብዛም አያስፈልጋት፣ ሻካራ መኖ ለሌላት ደግሞ አይበቃት።

እርሾውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በእርሾ በተዘጋጀ ተጨማሪ መኖ ላይ የተሠሩ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በቀን 1.2 ኪሎ ገደማ የወተት ጭማሪ አግኝቷል። ይህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ላሞች የተመጣጠነ መኖ ሳይጓደልባቸው ብዙ ወተት የሚሰጡ ናቸው። በተራበች ላም ላይ ያንኑ መጠበቅ ዘር ሳይዘሩ በማዳበሪያ ምርት መመኘት ነው። ሕያው እርሾ ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ይሞታል፤ ከመጋዘን እስከ መደብር፣ ከመደብር እስከ ጓሮ ቆርቆሮ ሥር የከረመ ከረጢት በውስጡ ያለው ሕያው ይሁን ሙት ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛው ወገን፣ ስሙን ለማንበብ የሚያስቸግረው ከረጢት፣ ያሳስበኛል። ሞኔንሲን የተባለው የጨጓራ ተሕዋስያንን የሚቆጣጠር መድኃኒት በአሜሪካ ለወተት ላሞች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአንጻሩ ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለዕድገት ማፋጠኛነት በመኖ ውስጥ መጨመርን ከለከለ። የሁለቱን ክርክር እዚህ መፍታት አያስፈልገኝም፤ ለእኛ የሚቀርበው ሌላ ነገር ነው። ለላም ደህና የሆነ የሞኔንሲን መጠን ፈረስን ሊገድል ይችላል፤ አህያና በቅሎም ከዚህ አደጋ አይድኑም። የወሎ ገበሬ ጓሮ እንደ አይዋ በረት አይደለም፤ ላሟና ጭነት የሚሸከመው አህያ ባንድ ገንዳ ይበላሉ፣ የጋሪ ፈረሱም የተረፈውን ይልሳል። በአማርኛ ያልተጻፈ መለያ ያለው ከረጢት እዚህ ጓሮ ከገባ፣ ጥፋቱ የሚታወቀው ፈረሱ ከሞተ በኋላ ነው።

እስካሁን ያልኩትን የሚያፈርስ የሚመስል ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ከልብ መመለስ ይገባዋል። «የእኛ ላም መቼ እህል ጠግባ ነው አሲድ የሚያማት? ይህ የፈረንጅ በረት ወሬ ነው፤ የእኛዋ ሕመም ረሃብ ነው» የሚል ነው። ቁጥሩ ተቃዋሚውን ይደግፋል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከአገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን ከሚጠጉ ከብቶች ከመቶው 97 ያህሉ የአገር ዝርያ ናቸው፤ አማካይ የሐበሻ ላም በቀን 1.5 ሊትር ገደማ ትታለባለች፤ ከሚቀርበው መኖ ውስጥ የፋብሪካ ተረፈ ምርት ከመቶ 2 አካባቢ ነው። ስለ አምባሰሏ ላም ከሆነ እውነት ነው፣ ፉርሽካ በዝቶባት አታውቅም። ግን ከዚህ ተነሥቶ ሆዷ ደህና ነው ማለት አይቻልም። እነዚያው የአይዋ ተመራማሪዎች ላሞችን ለጥቂት ቀናት ከሚበሉት 40 በመቶውን ብቻ ሲሰጧቸው፣ የአንጀታቸው ሽፋን ሲሳሳና በደማቸው የብግነት ምልክት ሲጨምር አይተዋል። ረሃብም እንደ ጥጋብ የአንጀትን ግድግዳ ያሳሳል። ከጥር እስከ ግንቦት የምትመነምነው፣ በልጉ ሲቀር የባሰ የሚደርስባት ላም ሆዷ በዚህ መንገድ ይቆጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ የበዛበት ለምለም ሣር ባንድ ጊዜ ይቀርብላታል። የሐይቅ ጓሮና የአምባሰል ማሳ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። አንዷን የጎዳት ዱቄት ባንድ ጊዜ መብዛቱ፣ ሌላዋን የጎዳት ሁሉም ነገር ማነሱ ቢሆንም፣ ሁለቱም ያጡት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የሚቀርብ ሻካራ መኖ ነው። ለተራበችው ላም የሚነሰነስ ዱቄት ደግሞ የሚነሰነስበት መኖ እንኳ የለውም።

«ሻካራ መኖ ከየት ይምጣ? መሬት የለም፣ ድርቆሽ ተወዷል፣ ማንኪያ ዱቄት ይቀላል» የሚለውም ግማሽ እውነት አለው። የጤፍ ገለባ ለቤት ጭቃ ይፈለጋል፣ የማሽላ አገዳ ይነድዳል፣ አጥርም ይሆናል። ይሁን እንጂ የዱቄቱን ርካሽነት ስንለካ የሚገዛውን ነገር አብረን እንለካ። ለዓመት ያህል በየቀኑ የሚወጣው የዱቄት ወጪ ተደምሮ ስንት ሸክም ድርቆሽ እንደሚገዛ በቤት ደብተር ላይ ማስላት ይቻላል፤ ያን ሒሳብ የሚያስላ የልማት ሠራተኛ ቢኖር ብዙ ዱቄት በመደርደሪያው ላይ ይቀር ነበር። የሚያስፈልገው ለውጥ ከፊሉ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ገለባውን አስቀድሞ፣ ፉርሽካውን አስከትሎ መስጠት፤ የሁለት ጊዜውን ድርሻ ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ መክፈል፤ አተላን ከትንሽ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳደግ፤ ውኃ አለማሳጣት። ገንዘብ የሚጠይቀው ክፍልም ቢሆን ከአቅም በላይ አይደለም። በግብርና ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው ገለባን በዩሪያ የማከም ዘዴ ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያና ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ይጠይቃል፤ ታፍኖ 3 ሳምንት ያህል ይቆያል። ዩሪያ በእርጥብ ገለባ ላይ ሳይብላላ በቀጥታ ከተሰጠ ይገድላልና መመሪያው በጥንቃቄ መከበር አለበት፤ ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ሁሉም ቤት ይሠራዋል ብዬም አልጠብቅም። ከሱ ይልቅ ተስፋ የማደርገው በእርከኖቹ ላይ ነው። ደቡብ ወሎ ለአሥርተ ዓመታት በእርከንና ተራራ በመከለል የደከመ አገር ነው። በእርከኑ አናት ደሾና ዝሆኔ ሣር፣ በማሳው ዳር ሰስባኒያ፣ በደጋው ትሪ ሉሰርን ከተተከለ፣ ከተከለለው ተራራም ሣሩ በተራ እየታጨደ ከተሰጠ፣ መሬት የለም የሚለው ክርክር ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። ለቀረው ግማሽ መልሱ ብዙዎችን የማያስደስት ነው፤ ሁለት ላም በግማሽ ከመመገብ አንዷን አጥግቦ ማለብ ያዋጣል።

ታዲያ ተጨማሪ ነገር በምን ቦታ ይገባል? በሁለት ቦታ ያለማቅማማት እቀበላለሁ። አንደኛው ጨውና ማዕድን ነው፤ ገለባ በማዕድን ድሃ ነው፣ ገበሬውም አሞሌና ቦሌ ሲያልስ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው የሻገተ መኖ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ ከ4ቱ አንዱ ገደማ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም አልፎ ነበር። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። አፍላቶክሲን የላሟን ጉበትና መከላከያ ያዳክማል፣ ወደ ሕፃናት ኩባያም ይሻገራል። መርዙን አንጀት ውስጥ የሚይዙ የሸክላ አፈር ዓይነቶች አሉ፣ ይረዳሉም። ሆኖም እርጥበት ባለበት መሬት ላይ የተከመረ ፋጉሎ ይዞ መርዝ መያዣ መግዛት የሚያፈስስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደመደርደር ነው፤ ፋጉሎውን በእንጨት ርብራብ ላይ ከፍ አድርጎ፣ አድርቆ ማስቀመጥ ይቀድማል።

በዚህ ላይ የመንግሥት ድርሻ አለ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። ከዚህ ሕግ የምጠብቀው ቀላል ነገር ነው፤ በከረጢቱ ላይ በአማርኛ ምን እንዳለበት፣ ለየትኛው ላም ስንት ግራም እንደሆነ፣ ለፈረስና ለአህያ አደገኛ መሆን አለመሆኑ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፎ ይሸጥ። ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ አለ፣ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሐይቅ ጓሮዎች የመኖ ቅደም ተከተል መቀየር ከሶዳ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ወተትና ቅቤ እንደሚያመጣ መሞከር ለእነዚህ ተቋማት ከባድ ሥራ አይደለም። ኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የመንግሥት መርሐ ግብር፣ የሌማት ትሩፋትም፣ ሪፖርቱ ላይ የዲቃላ ላምና የሊትር ቁጥር ሲደረድር፣ ለእያንዳንዷ ላም የተከማቸውን የድርቆሽ መጠን አብሮ ይጠይቅ። ላሟን አከፋፍሎ መኖዋን ለዱቄት ነጋዴ መተው ፖሊሲ አይባልም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሣር በአበባው ወቅት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ሲታጨድ ፕሮቲኑ ገና አለ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆሞ ከደረቀ የሚቀረው ግንድ ብቻ ነው። ወረዳዎቹ ለመኸሩ አዝመራ የሚያደርጉትን ቅስቀሳ ለሣር አያደርጉም፣ ገበሬውም በዚያ ሰሞን እጁ በሰብል የተያዘ ነው። የተከለሉትን ተራሮች በጥቅምት የሚያጭዱ ሥራ አጥ ወጣቶች ተደራጅተው፣ አስረው ሐይቅ ከተማ ላይ በኪሎ ቢሸጡት፣ የከተማው ባለላም ለዱቄት ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ወደ አምባሰል ይመለሳል።